ጎል የሚገኘው በጉልበት ወይስ በብልሃት?

ከሩቅ ተከርሮ የተመታ ኳስ የተመልካችን ጭብጨባ ያስገኛል፤ ጎል ግን ሁልጊዜ አያስገኝም። እግር ኳስንና የበረዶ ሆኪን አነጻጽሮ መመልከት የዚህን ምክንያት ግልጽ ያደርጋል።

የበረዶ ሆኪ በበረዶ ወለል ላይ በመንሸራተቻ ጫማ የሚከናወን፣ እንደ ገና ጨዋታ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ የሚመታበት ስፖርት ነው። የሚመታው ድቡልቡል ኳስ ሳይሆን ፓክ የተባለ ክብና ጠፍጣፋ ጠንካራ ላስቲክ ነው። ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል።

የእግር ኳስ ጎል 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የሆኪው 1 ሜትር ከ83 በ1 ሜትር ከ22 ብቻ ነው። በቆዳ ስፋቱ ሲሰላ የእግር ኳሱ ጎል የሆኪውን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሆኪ ግብ ጠባቂው በወፍራም መከላከያ ተሸፍኖ አብዛኛውን የጎል ክፍል ይጋርዳል። በሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ግብ ጠባቂዎች ወደ ጎል ከሚላኩ 10 ምቶች ዘጠኙን ያህል ያድናሉ።

ፍጥነት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የሆኪ ተጫዋች አክርሮ ሲመታ ዱላው ከፓኩ ቀድሞ በረዶውን ይነካና እንደ ቀስት ይለመጣል፤ ሲቃናም የታመቀውን ኃይል ለፓኩ ያቀብላል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር ፓክ 18 ሜትሩን የሚጨርሰው በ0 ነጥብ 4 ሰከንድ ገደማ ነው። በእግር ኳስም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታ የፍጹም ቅጣት ምት 11 ሜትሩን የሚያቋርጠው በተመሳሳይ ጊዜ ነው። ሰው አይቶ ለመንቀሳቀስ 0 ነጥብ 2 ሰከንድ ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ግብ ጠባቂው የቀረችው ጊዜ እጅግ አጭር ናት።

ይሁን እንጂ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይህ ብልጫ ይጠፋል። ከ11 ሜትር ፊት ለፊት የቆመ አጥቂ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የሚያገኘው ማዕዘን 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ 25 ሜትር ሲርቅ ማዕዘኑ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ወደ ጎን ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ግብ ጠባቂዎች ከመስመራቸው ወጥተው ወደ አጥቂው የሚጠጉትም ይህንኑ ማዕዘን ለማጥበብ ነው።

ሌላው ብልሃት የተመለሰውን መከተል ነው። በ1972 ዓ.ም. የካቲት ወር (እ.ኤ.አ. በ1980) በአሜሪካዋ ሌክ ፕላሲድ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ፣ አሜሪካ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተገናኘች። ሶቪየቶች 2 ለ 1 እየመሩ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያበቃ ሲል ዴቭ ክርስቲያን ከሩቅ መታ። ታዋቂው ግብ ጠባቂ ቭላዲስላቭ ትሬቲያክ ምቱን ቢመልሰውም ፓኩን አልያዘውም። ማርክ ጆንሰን ጨዋታው አልቋል ብሎ አልቆመም፤ ሮጦ ደርሶ አንድ ሰከንድ ሲቀር አቻ አደረገ። ሶቪየቶች በጨዋታው 39 ጊዜ፣ አሜሪካውያን 16 ጊዜ ብቻ ወደ ጎል ሞክረዋል። አሸናፊዋ ግን 4 ለ 3 አሜሪካ ሆነች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በየሰፈሩና በየቀበሌው ሜዳ ለሚሠለጥኑ ታዳጊዎችም ይጠቅማል። ውድ ቁሳቁስ አይጠይቅም። ከመምታት በፊት ቀና ብሎ የግብ ጠባቂውን አቋቋም ማየት፣ ማዕዘኑ ከጠበበ በተሻለ ቦታ ላለ ጓደኛ ማቀበል፣ ጓደኛ ሲመታም የሚመለሰውን ኳስ ጠብቆ ወደ ጎል መሮጥ በልምምድ የሚዳብሩ ልማዶች ናቸው። ጉልበት ኳሱን ያፈጥነዋል፤ ከመረብ የሚያገናኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀርቦና አስተውሎ የሚመታ፣ የተመለሰውንም የማይተው አጥቂ ነው።