ኮርኒስ ወለል አይደለም

ግንቦት ሲጋመስ የኮልፌ ቀራኒዮ ነጋዴ ወደ ጣሪያው ማንጋጠጥ ይጀምራል። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም በጅማ መንገድ እስከ ካራ ቆሬ ድረስ መጋዘን፣ ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈስ ቆርቆሮውን ለማስደፈን፣ አሸንዳውን ለማስጠረግና የተበላሸ የመብራት መስመሩን ለማሳየት ሰው ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ዋጋ የሚጠየቀው የቆርቆሮው፣ የምስማሩና የእጅ ሥራው ነው። ሠራተኛው ወደ ኮርኒሱ በምን እንደሚወጣ፣ ከወጣ በኋላም ምን ላይ እንደሚቆም የሚጠይቅ ባለንብረት ግን ጥቂት ነው።

ኮርኒስ የሚሠራው ሰው እንዲሸከም አይደለም። በአዲስ አበባ የተለመደው የችፑድ ኮርኒስ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገበታ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በተደረደረ 4 በ5 ሞራሌ ላይ ተመቶ የሚሠራ ነው። ሞራሌው የሚችለው ችፑዱን ነው፤ ቢበዛ አንድ ሁለት መብራት ይጨመርበታል። ኋላ በየሱቁ የተስፋፋው የጂፕሰምና የፕላስቲክ ኮርኒስ ደግሞ ከላይ በቀጭን ብረት ወይም በሽቦ የተንጠለጠለ ስለሆነ ለረጋጭ ከችፑዱም የባሰ ነው። የሰው ክብደት የሚችለው ካፕሪያታው ነው፤ እሱም ምስጥ ያልበላውና ያልበሰበሰ ከሆነ።

ነገሩን የሚያከፋው ሠራተኛው የሚጠራበት ምክንያት ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ጣሪያው ሲያፈስ ሲሆን የፈሰሰው ውሃ አስቀድሞ የወረደው ችፑዱ ላይ ነው። ውሃ የጠጣ ችፑድ ያብጣል፣ ይላላል፤ ቢደርቅም የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስለትም። እንግዲህ ሠራተኛው ቀዳዳውን ፍለጋ የሚሄደው ከኮርኒሱ ሁሉ ወደ ደከመው ቦታ ነው። ያውም በጨለማ፣ አቧራ ሞራሌውን ሸፍኖት፣ እኩለ ቀን ከሆነም ከጋለ ቆርቆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ።

ከመውደቅ ቀጥሎ የሚፈራው መብራት ነው። በአሮጌ ቤቶች የሽቦው መገጣጠሚያ በናስትሮ ተጠቅልሎ ኮርኒሱ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ናስትሮው ከሙቀት ብዛት ይለቃል፣ ሽቦውን አይጥ ይልጠዋል፤ የተላጠው ባለ 220 ቮልት ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ደግሞ ጣሪያው በሙሉ ሊይዝ ይችላል። አንዳንድ ጠጋኞች መብራት በጠፋበት ሰዓት መሥራትን እንደ ጥንቃቄ ይቆጥሩታል። ጥንቃቄ አይደለም። የጠፋ መብራት ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል፤ በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ያለበት ድርጅት ከሆነማ በሴኮንዶች ውስጥ። ዋናው ማጥፊያ ወርዶ፣ ሳጥኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ እላይ ከወጣው ሰው ኪስ መግባት አለበት። ሽቦውም ከመነካቱ በፊት በቴስተር ይሞከራል።

መሰላልን በተመለከተ የኮልፌ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ከአጠና ንግድ ነው። የአጠና መሰላልም የሚናቅ አይደለም። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክን እንደ አሉሚንየም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በሽቦ አካባቢ አብረቅራቂውና ውዱ የአሉሚንየም መሰላል ይበልጥ ያሰጋል። የአጠናው ጉድለት ሌላ ነው። በእርጥቡ ከተመታ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ምስማሩ ይላላል። አምና የተሠራውን ዘንድሮ መወጣጫውን አንድ በአንድ ሳይፈትሹ መውጣት አይገባም። የመሰላሉ እግር ከግድግዳው የሚርቀው የከፍታውን ሩብ ያህል ነው፤ 4 ሜትር ላይ ለሚደገፍ መሰላል 1 ሜትር ማለት ነው። ጫፉ ከመውጫው በላይ 1 ሜትር ያህል ተርፎ እላይ ይታሰር። ወንበር በጠረጴዛ ላይ ደርቦ ወይም በዕቃ መደርደሪያ ተንጠላጥሎ መውጣት፣ የብዙ ሱቅ ልማድ ቢሆንም፣ መሰላል ተብሎ አይቆጠርም።

የሚወጣበት ቀዳዳስ? ብዙ ቤት የለውም። ሠራተኛው አንድ ችፑድ ነቅሎ ይገባል፣ ሲጨርስ መልሶ ይመታዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ሌላ ቦታ ይነቅላል። በማጠፊያ የሚከፈት መውጫ አንድ ጊዜ ማሠራት ይህን ሁሉ ያስቀራል። እዚህ ላይ አናጢው ሊያስበው የሚገባ ሒሳብ አለ። የሞራሌው ርቀት 60 ሳንቲ ነው ቢባልም የሚለካው ከመሐል እስከ መሐል ስለሆነ ክፍተቱ 55 ወይም 56 ሳንቲ ብቻ ነው፤ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው መሣሪያ ይዞ አያልፍበትም። ስለሆነም አንድ ሞራሌ ተቆርጦ የመውጫው ዙሪያ በድርብ እንጨት መታሰር አለበት። ከመውጫው ጀምሮም ሁለት ወፈር ያሉ ጣውላዎች ጎን ለጎን በካፕሪያታው የታች እንጨት ላይ ተጋድመው ጫፍና ጫፋቸው ይመታል። ጣውላው የተጋደመው ኮርኒሱን በያዘው ሞራሌ ላይ ከሆነ ግን ምንም አልተሠራም።

ኮርኒስ የሌላቸው ረጃጅም መጋዘኖችና ወርክሾፖች ችግራቸው ከዚህ ይለያል። ብርሃን እንዲያስገባ በቆርቆሮዎቹ መሐል የሚገጠመው የፕላስቲክ ገበታ አቧራ ሲለብስ ከቆርቆሮው አይለይም፤ ፀሐይም ዓመት ከዓመት ተሰባሪ ታደርገዋለች። የረገጠውን ሰው እስከ ሲሚንቶው ወለል ድረስ የሚይዘው ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ቤት በጎማ የሚገፋ የብረት ስካፎልዲንግ አምጥቶ ከታች መሥራት ይሻላል፤ ጎማው ተቆልፎ፣ ሰው ላዩ ላይ እያለም ሳይገፋ። ቀበቶ የታጠቀ ሰው ገመዱን የሚያስረው ከዋናው ብረት እንጂ ከአሸንዳ አይደለም።

አደጋ ሲደርስ ማን ይከፍላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድና የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በመርህ ደረጃ ኃላፊ ነው። «ለአንድ ቀን የጠራሁት ነው» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ አዋጁ ለተወሰነ ሥራ የሚቀጠረውንም ያውቀዋል። በራሱ ሙያና ኃላፊነት በዋጋ ተዋውሎ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጪ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ስለሚያደርግ ክርክሩ ወደዚያ ሊሻገር ይችላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ታዲያ ወገቡ የተሰበረው ሰው ቤት የዕለት ገቢ የለም።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው የከፍታ ሥራ ደንብ ከመሰላልና ከቀበቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሥራው ሳይወጡ መሠራት ይችል እንደሆነ ነው። ይህ ጥያቄ ለኮልፌም ይሠራል። የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥኖች ከኮርኒሱ ሥር ግድግዳው ላይ ቢደረጉ፣ መብራቱም ከታች የሚፈታ ዓይነት ቢሆን፣ ሰው ወደ ላይ የሚያስወጣው ጉዳይ በእጅጉ ይቀንሳል። አዲስ መጋዘን የሚያሠራ ሰው ይህን ከተቋራጩ ጋር መነጋገር ያለበት ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ነው። ከተመታ በኋላ ለመውጫውም፣ ለጣውላውም፣ ለሳጥኑም ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አንዴ ለማፍረስ፣ አንዴ ለመሥራት።