ነጩ ደመና ጥፋተኛ ነው?

ሐረር ውስጥ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ የሚፈላ የሻይ ማንቆርቆሪያን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ በማንቆርቆሪያው አፍና በነጩ እንፋሎት መካከል ባዶ የሚመስል ትንሽ ቦታ ያስተውላል። እውነተኛው የውሃ ተን እዚያ ነው ያለው፤ ግን ዓይን አያየውም። ነጩ፣ ተኑ አየር ነክቶት ቀዝቅዞ ወደ ደቃቅ ጠብታ ሲመለስ የሚታይ ነው። በዜና ላይ ስለ አየር ብክለት ሲወራ የሚታዩት ግዙፍ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማማዎች የሚተፉት ነጭ ደመናም በአብዛኛው ይኸው ነው። ፎቶ አንሺዎች ይወዱታል፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን በፎቶ አይገኝም።

የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ሥራውን ሲጨርስ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ይፈላል። ማማው ላይ የሚተነው ይህን እንፋሎት ለማቀዝቀዝ የገባው ሌላ ውሃ ነው፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 2 ሊትር ይደርሳል። ኢትዮጵያ መብራቷን በብዛት የምታገኘው ከግድብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ማመንጫ ብርቅ ነው። በእንፋሎት እንዲሠሩ ከተገነቡት ጥቂቶች መካከል በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫና በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ማመንጫ ይገኙበታል።

ታዲያ ተኑ ምድርን አያሞቅም? ያሞቃል እንጂ። ከሙቀት አማቂ ጋዞች ሁሉ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው የውሃ ተን ነው፤ ከጠቅላላው ሙቀት የማመቅ ሥራ ግማሽ ያህሉ የእሱ ነው። ሐረር ውስጥ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የታኅሣሥ ሰማይ ጥርት ብሎ አየሩ ሲደርቅ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በክረምት ደመና ሲጋርደውና አየሩ ሲረጥብ ቀን የገባው ሙቀት በቀላሉ አያመልጥም።

ነገር ግን አየር ተንን የሚሸከመው በሙቀቱ ልክ ነው። ከዚያ ያለፈው ጤዛ፣ ጉም ወይም ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። አንድ የተን ቅንጣት በአማካይ ዐሥር ቀን ገደማ ነው ሰማይ ላይ የሚቆየው። ባሕሩና ምድሩ በዓመት ወደ 500,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ውሃ ያተንናሉ፤ አንድ ባለ 1,000 ሜጋዋት የከሰል ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ቢሠራ የሚጨምርበት ከዚያ ሃያ ሚሊዮንኛውን እንኳ አይሞላም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አይዘንብም። ያው ማመንጫ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከዚያም ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያው ይቀራል። አየሩ በእሱ ምክንያት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ደግሞ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን መሸከም ይችላል፤ ያ ተን በበኩሉ ሙቀቱን ያባብሳል። ተኑ አባባሽ ነው፤ ጀማሪው ካርቦኑ ነው።

ሐረር ውሃ ተኖ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የምታውቀው በሌላ መንገድ ነው። ለዓመታት ያጠጣት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ ነበር፤ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ ደለልና ትነት ተባብረውበት። ከሐይቁ የተነሣው ተን የዓለምን ሙቀት አልቀየረም፤ ሌላ ቦታ ዘንቦ አለቀ። ጉዳቱ የቧንቧው ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች በኤሌክትሪክ ፓምፕ ሽቅብ ይገፋ ጀመር። ድሬዳዋ ከሐረር ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ከፍታ ለመውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ፣ ከ1.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኃይሉ ከከሰል ቢመጣ ኖሮ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ በማማው ይተን ነበር፤ እሱም በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቦታ ይዘንባል። አብሮት የሚወጣው ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የሚመለስበት ዝናብ የለውም።