የቢሮ ማዳመጫ ቲያትር ቤት ሲገባ

ተመልካቹ ተዋንያኑን ሲያዳምጥ ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ንግግር ይካሄዳል። የመድረክ አስተባባሪዋ ጽሑፏን ዘርግታ «መብራት 24፣ ተዘጋጅ» ትላለች። የመብራት ባለሙያው «ዝግጁ» ብሎ ይመልስላታል፤ «ሂድ» ስትለው ቁልፉን ይጫናል። ድምፁም፣ መጋረጃውም፣ የትዕይንት ለውጡም የሚንቀሳቀሰው በዚህችው ቃል ነው። ቃሏን ከአፏ ወደ ሁሉም ጆሮ የሚያደርሰው መሣሪያ ኢንተርኮም ይባላል።

ዛሬ ብዙ ቲያትር ቤቶች የሚገለገሉበት ዓይነት የመጣው ከሮክ ኮንሰርት ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቦብ ኮኸንና ቻርሊ በተን ክሊር-ኮም የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት፣ በዚያ ሁሉ የሙዚቃ ጩኸት መካከል የመድረክ ሠራተኞች መሰማማት ስለተቸገሩ ነበር። ያገኙት መላ ቀላልነቱ ያስደንቃል። ገመዱ ተራ የማይክ ገመድ ነው፤ ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ግራውንድ ነው፤ ሁለተኛው 30 ቮልት ኃይል ይሸከማል፤ በሦስተኛው የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ወገቡ ላይ የሚያስራት ትንሽ ሳጥን ኃይሏን ከመስመሩ ትወስዳለች፤ የባለቤቷን ድምፅም እዚያው መስመር ላይ ትጨምራለች። መደወልና ማንሳት የለም፤ መስመሩ ላይ ያለ ሁሉ ሁሉን ይሰማል።

ችግሩ ገመዱ ነው። ዕቃ የሚያቀብል፣ ተዋናይ የሚጠራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ሰው በገመድ ታስሮ አይሠራም። ለዚህ የተሠሩ ገመድ አልባ ኢንተርኮሞች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለጥቂት ሰው እንኳ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የትምህርት ቤትና የሰፈር ቲያትር ይህን አይችልም። ስለዚህ በእጃቸው መሥራት የሚችሉ የድምፅ ባለሙያዎች ዓይናቸውን ወደ ተራው ገበያ መለሱ።

መጀመሪያ የሚታሰበው ብሉቱዝ ነው። እኔ አልመክረውም። ሙዚቃ በሚያጫውትበት መንገድ ከተሠራበት ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ይዘገያል፤ «ሂድ» ዘግይታ ከደረሰች ደግሞ መብራቱም ይዘገያል። ከዚህ የከፋው የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ዋይፋይም እዚያው ነው፤ የሰው ሰውነት ደግሞ ውኃ ስለሚበዛበት ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ በልምምድ ቀን ያለ እንከን የሠራ ማዳመጫ፣ አዳራሹ በሰውና በስልክ ሲሞላ መቆራረጥ ይጀምራል። ያ ደግሞ የምርቃቱ ምሽት ነው።

የተሻለው ዴክት በሚባለው የቤት ገመድ አልባ ስልክ ዘዴ የሚሠራው የቢሮ ማዳመጫ ነው። የራሱ ሞገድ አለው፤ መዘግየቱም ትንሽ ነው። ማዳመጫው የሚያርፍበት መቀመጫ በጠረጴዛ ስልክ እጀታ ቦታ የሚሰካ ሲሆን አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለማይክ፣ ሁለቱ ለጆሮ። የኢንተርኮሟ ሳጥን የማዳመጫ መሰኪያም አራት ፒን ነው፤ ሁለቱ ለማይክ፣ ሁለቱ ለጆሮ። ጠቅላላው ሐሳብ የተወለደው ከዚህ መመሳሰል ነው።

ቢመሳሰሉም በቀጥታ አይገናኙም። ሳጥኗ የምትጠብቀው ዳይናሚክ ማይክ የሚያመነጨውን እጅግ ደካማ ሲግናል ስለሆነ እጥፍ ድርብ አድርጋ ታጎላዋለች። የቢሮው መቀመጫ የሚያወጣው ግን ከዚያ የጠነከረ ነው፤ እንዳለ ቢገባ ድምፁ ይሰነጠቃል። በሬዚስተሮች ማዳከም፣ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ በካፓሲተር ማገድ ያስፈልጋል። መቀመጫው ኃይሉን ከግድግዳ ስለሚወስድም መስመሩ ላይ የማያባራ እምም የሚል ድምፅ ሊገባ ይችላል፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ይህን ያጠፋዋል። ሁሉም ተበይዶ አንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ የራስ ድምፅ ጉዳይ ይመጣል። ኢንተርኮም ላይ የሚናገር ሰው የራሱን ድምፅ በጆሮው ይሰማል። ያ ድምፅ በሬዲዮ ሄዶ በሬዲዮ ሲመለስ ጥቂት ስለሚዘገይ ምላስን ያስራል። የኢንተርኮሟ ሳጥን ላይ የራስን ድምፅ መቀነሻ አለ፤ እስከሚቻለው ድረስ መቀነስ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ሹክሹክታ ነው። የቢሮ ማዳመጫ የተሠራው በሙሉ ድምፅ ለሚያወራ ሰው ስለሆነ፣ ከጎን የሚመጣን ዝቅተኛ ድምፅ ሁሉ ጫጫታ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ከመድረኩ ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ሠራተኛ ደግሞ ከሹክሹክታ በላይ መናገር አይችልም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጨለማ ውስጥ እንደሚወራው አውርቶ መሞከር የግድ ነው፤ የጫጫታ ማጣሪያው የሚጠፋበት ዓይነት ከተገኘ ይመረጣል። ማይኩን ማጥፊያው የት እንዳለም ይታይ። የሳጥኗ የመናገሪያ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀር ለባሹ ያለው ማዳመጫው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ማይኩ በጠፋ ቁጥር በየጊዜው ጢጥ እያለ ያስታውሳል። ክፍት ከተተወ ደግሞ የሰውየው ትንፋሽ ሙሉውን መስመር ይሞላዋል።

ስለዚህ ይህ ማዳመጫ የሚገባው መሮጥ ላለበት ረዳት ነው። ከባድ ዕቃ ከላይ የሚያወርድ፣ ርችት የሚተኩስ፣ ወለል የሚከፍት ሰው ከገመዱ ባይላቀቅ ይሻላል፤ ባትሪ አልቆበት «ቁም» የሚለው ቃል ቢያመልጠው ሰው ይጎዳል። የሳጥኗ የጥሪ መብራትም አብሮት መሆን አለበት።

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልን ይምጣ ለሚል አንድ ነገር ላክል። የአሜሪካው ዴክት የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ የአውሮፓው ከ1880 እስከ 1900 ነው። የአሜሪካው ሞገድ በአውሮፓም በኢትዮጵያም የሞባይል ስልኮች ወደ ማማ የሚልኩበት ስለሆነ የሞባይል ኔትወርክን ይረብሻል። የማዳመጫው ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።