ክምሩ የት ነው?

ከቦሌ ሚካኤል ተነስተን፣ ኤርፖርቱን ዞረን ወደ ምሥራቅ ብንዘልቅ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደርሳለን። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ይህ ፓርክ በአብዛኛው ልብስና ጫማ እየሰፉ ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች የገቡበት ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ምርቱ ሲያንስ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ሠራተኛው ላይ ነው፤ «ፍጥነት የለውም» ይባላል። እኔ ግን ከፍጥነቱ በፊት ክምሩ ይታይ እላለሁ። ችግሩ ያለው ሥራ የሚከመርበት ቦታ ነው።

የሸሚዝ መስመር እንውሰድ። ሦስት ሠራተኞች ተከታትለው ተቀምጠዋል እንበል። የመጀመሪያዋ ኮሌታ ለመስፋት 40 ሰከንድ፣ ሁለተኛዋ ኮሌታውን ከሸሚዙ ጋር ለመግጠም 70፣ ሦስተኛዋ ለመጨረስ 45 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። የመጀመሪያዋ በሰዓት 90 ኮሌታ ታወጣለች፤ ከመስመሩ የሚወጣው ሸሚዝ ግን 51 ብቻ ነው። የቀረው 39 ኮሌታ በየሰዓቱ ሁለተኛዋ ልጅ ጎን ይቆለላል። ኮሌታ ሰፊዋን «ፍጠኚ» ማለት ክምሩን ከማሳደግ በቀር የሚጠቅመው የለም። ሁለተኛዋን መቆጣትም ግፍ ነው፤ የበዛው የተሰጣት ሥራ ነው። ከሥራዋ ምልክት ማድረጉንና ትርፍ ክር መቁረጡን፣ በጠቅላላው 15 ሰከንድ የሚወስደውን፣ ወደ መጀመሪያዋ ብናዞረው ሁለቱም 55 ሰከንድ ይሆናሉ፤ መስመሩም በሰዓት 65 ሸሚዝ ይሰጣል። ማሽን አልተገዛም፣ ማንም አልተሯሯጠም።

ካይዘን የሚባለው የጃፓን አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን እገዛ ጠይቀው፣ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት የሚሉት ቃላት በብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አይተናል። የሚያሳዝነኝ በየቦታው እዚያው ግድግዳው ላይ መቅረታቸው ነው።

ከፋብሪካው በር ውጭ ያለው ክምር ደግሞ ይብሳል። ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ በአብዛኛው ከእስያ በመርከብ ጂቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ወደ መሃል አገር ይጓጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ የጉዞ ጊዜ አሳጥሮታል። ነገር ግን ኮንቴይነሩ ሰነድ እስኪያልቅ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዐሥር ቀን ከተኛ፣ ባቡሩ ያተረፈው ጊዜ እዚያ ያልቃል። ዚፑ ብቻ ቢቀር እንኳ የተቆረጠው ጃኬት ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ገዢው የቆረጠው ቀን ግን አይጠብቅም። በመርከብ ሊሄድ የነበረ ልብስ ሲዘገይ ቦሌ ላይ በአውሮፕላን ይጫናል፤ የዋጋውን ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ፋብሪካው ነው። ቶሎ ለሚጠወልግ አበባ አውሮፕላን ተገቢው ነው። የቲሸርትን ስስ ትርፍ ግን ጠራርጎ ይወስዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ (ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል) ከወጣች ወዲህ ደግሞ አሜሪካ የሚገባው ልብስ ቀረጥ ስለሚከፈልበት፣ እንዲህ ያለውን ወጪ የሚችል ትከሻ የለም።

ስለዚህ በሰዓት ስንት ሸሚዝ እንደተሰፋ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ መጠበቁም ይጻፍ፦ ለዕቃው ክፍያ ባንክ ስንት ቀን፣ ጂቡቲ ስንት ቀን፣ ሞጆ ስንት ቀን፣ በራሳችን መጋዘን ስንት ቀን። ሥራ አስኪያጁም ስፌት ክፍል ከመግባቱ በፊት ትልቁ ቁጥር ወዳለበት ይሂድ።