የዕለት ዳዊት

ከወልድያና ከመርሳ ጋር በገበያና በዝምድና በተሳሰረችው በሐራ፣ ክርስቲያኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ዳዊቱን ሲደግም፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱም ለነቢዩ ዳውድ ዘቡር መሰጠቱን ከሃይማኖቱ ተምሮ ያደገ በመሆኑ፣ የዚህ መጽሐፍ ስም በዚያ ምድር ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ሥርዓቱን ግን ስሙን የሚያውቅ ሁሉ አያውቀውምና፣ እንዴት ተከፍሎ በየዕለቱ እንደሚደገም መግለጥ የተገባ መስሎ ታየን።

በግዕዙ ዳዊት 150ው መዝሙራት ከተፈጸሙ በኋላ ብላቴናው ዳዊት ከጎልያድ ጋር ስላደረገው ተጋድሎ የሚናገር 151ኛ መዝሙር ይገኛል፤ ከዚያም 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ስለሚባል፣ መዝሙሩ በጠቅላላው 15 ንጉሥ ይሆናል። ከእነዚህም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ የእሑድ ዕጣ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ዓርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ ቢደርሰውም የቀለለ እንዳይመስል፣ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም በ22 ክፍል የተከፈለው ባለ 176 ቍጥሩ 118ኛው መዝሙር የሚገኘው በእርሱ ውስጥ ነው።

የዚህ አከፋፈል ጥበብ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሰው የልቡን ስሜት ተከትሎ ደስ ያለውን መዝሙር ብቻ እንዳይመርጥ መከልከሉ ነው። ሰኞ ዕለት በእግዚአብሔር የተተወ የሚመስለው ሰው የሚጮኽበትን 21ኛውን መዝሙር የደገመ ሰው፣ እንባው ሳይደርቅ በእረኛው ጥበቃ ወደሚታመነው ወደ 22ኛው ይሻገራል፤ ማክሰኞ ደግሞ፣ በዚያ ሳምንት ኃጢአት ቢታወሰውም ባይታወሰውም፣ ንጉሡ ዳዊት ስለ ኦርዮና ስለ ቤርሳቤህ የገባውን ንስሐ በ50ኛው መዝሙር ከአፉ ያወጣል። የሐሙሱ 87ኛ መዝሙር ከመዝሙራት ሁሉ ይልቅ ጨለማ የከበደበትና ጽኑ ኀዘን የሞላበት ነው፤ እርሱን በሠርጉ ሰሞን የደገመ ሙሽራ ያላዘነውን ኀዘን ከሚያዝኑት ጋር አብሮ ይሸከማል፣ በለቅሶው ሰሞን ወደ ቅዳሜው 150ኛ መዝሙር የደረሰ ኀዘንተኛም ያልተሰማውን ምስጋና ከሚያመሰግኑት ጋር አብሮ ያቀርባል። በዚህ ሥርዓት ምእመኑ ለብቻው በቤቱ ቆሞ ሳለ ብቻውን አይጸልይም።

ሊቃውንተ ትርጓሜም ይህን መንገድ አስፍተው፣ አንዱን መዝሙር «አንድም» እያሉ ስለ ዳዊት ስለ ራሱ፣ ስለ ሕዝቅያስ፣ ወደ ባቢሎን ስለ ተማረኩት፣ ስለ መቃብያን፣ ከሁሉም በላይ ስለ ክርስቶስ ይተረጉሙታል። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ከወንጌል አስቀድማ በዜማ የምታሰማው ምስባክም አብዛኛው ከዚሁ መጽሐፍ የተወሰደ ነው።

በቀደመው ዘመን ልጅ ፊደልንና የዮሐንስን መልእክት አልፎ ዳዊትን እስኪደግም ድረስ ንባብ ጨረሰ አይባልም ነበር፤ ከዚያም በኋላ መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ ከትከሻው ሳይለይ ዕድሜውን ሙሉ ይከተለው ነበር። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ የታተመውም ይኸው ዳዊት ሲሆን፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. በዚያው ከተማ አሳተመው።

የሰሎሞን መኃልይ ከአባቱ መዝሙር ጋር በአንድ ጥራዝ ለመደገም ሲታደል፣ ምሳሌው ግን ይህን ዕድል አላገኘም። እርሱ በ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር እስከ 24ኛው ምዕራፍ ምሳሌ፣ ከ25ኛው እስከ 31ኛው ተግሣጽ እየተባለ በሁለት ተከፍሎ የሚቈጠር መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ሐኬት፣ ስለ ምላስና ስለ ጎረቤት ሰላም አጥብቆ የሚናገር በመሆኑ፣ በሐራ ገበያ እህልና ከብት ለሚሸጥና ለሚገዛ ሰው የሚስማማ ምክር አለበት። መዝሙሩ ሰውን በእግዚአብሔር ፊት ሲያቆመው፣ ምሳሌው ከጸሎቱ በኋላ ከሰው ጋር ወደሚገናኝበት ሸንጎ ይሸኘዋልና፣ ዳዊቱን የደገመ ሁሉ በዚያው ማለዳ አንድ የምሳሌ ምዕራፍ ቢጨምርበት እጅግ እወድዳለሁ። ወራችን 30 ቀን፣ የመጽሐፉ ምዕራፍ ግን 31 ነውና፣ የልሙኤል እናት ልጇን የመከረችበትንና የልባሟ ሴት ምስጋና የተጻፈበትን የመጨረሻውን ምዕራፍ በወሩ ፍጻሜ ከ30ኛው ጋር አያይዞ ማንበብ፣ በጳጉሜን ቀናት ደግሞ ለራሱ ጊዜ ሰጥቶ በዝግታ መመላለስ ይቻላል።