ቴምብርን አውቆ መግዛት

የፖስታ ቴምብር ለደብዳቤ መላኪያ የሚከፈለው ሒሳብ አስቀድሞ መከፈሉን የሚያስረዳ ትንሽ ወረቀት ነው። በደብዳቤው ላይ ተለጥፎ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ የታተመበትን ተግባር ፈጽሟል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በየአገሩ የሚገኙ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ወረቀት በአገርና በዘመን እየለዩ በአልበም ያስቀምጡታል፤ ይሸጡታል፤ ይገዙታልም። ከሚሰበሰቡት ቴምብሮች መካከል እጅግ ጥቂቶቹ ከቤትና ከመኪና የሚበልጥ ዋጋ ያወጣሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከተራ ወረቀት ብዙም የሚሻል ዋጋ የላቸውም። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ገዢ በብዙ ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን ሊያጣው ይችላል። ስለሆነም የአንድ ቴምብር ዋጋ በምን እንደሚለካ አስቀድሞ መማር ይገባዋል። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰዎች አንድ ቴምብር ባረጀ መጠን ዋጋው ይጨምራል ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ግን ትክክል አይደለም። በዓለም የመጀመሪያ የሆነው በሙጫ የሚለጠፍ የፖስታ ቴምብር በ1840 በእንግሊዝ አገር ወጣ። የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ የታተመበት፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ዋጋውም አንድ ፔኒ በመሆኑ «ጥቁሩ ፔኒ» እየተባለ ይጠራል። ከዚህ ቴምብር 68 ሚሊዮን ያህል ስለ ታተመና በርካታው እስከ ዛሬ ተጠብቆ ስለ ቆየ፣ የቴምብሮች ሁሉ በኩር ቢሆንም እንኳ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ተርታ አይመደብም።

ከዚህ የሚለየውን ሌላ ምሳሌ እንመልከት። ዛሬ ጋያና በምትባለው፣ በዚያን ዘመን ግን ብሪቲሽ ጊያና ትባል በነበረችው የደቡብ አሜሪካ አገር፣ በ1856 ከለንደን የሚመጣው ቴምብር በመዘግየቱ ፖስታ ቤቱ በአካባቢው በነበረ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ለጊዜው የሚያገለግሉ ቴምብሮች አሳተመ። ከእነዚህም መካከል በሐምራዊ ወረቀት ላይ የታተመው የአንድ ሳንቲም ቴምብር ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው። በ1873 ያገኘው የ12 ዓመት ልጅ በ6 ሽልንግ ሸጠው። በ2014 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ ጨረታ ግን ወደ 9.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አወጣ። ቴምብሩ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ፣ ሥዕሉም የደበዘዘ ነው። ለዚህ ክብር ያበቃው ዕድሜው ወይም ውበቱ ሳይሆን ብርቅነቱና የፈላጊው ብዛት ነው። እንግዲህ የዋጋ የመጀመሪያው መለኪያ በገበያ ላይ ያለው ቴምብር ማነስና የፈላጊው መብዛት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የቴምብሩ ይዞታ ነው። ከአንድ ዓይነት ሁለት ቴምብሮች አንደኛው የሌላውን ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ጥቁሩ ፔኒ በታተመበት ዘመን ቴምብሮችን የሚለያዩ ቀዳዳዎች ስላልነበሩ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ከትልቁ ሉክ እያንዳንዱን በመቀስ ይቆርጡ ነበር። ስለዚህ በአራቱም ወገን በቂ ነጭ ጠርዝ የተረፈለት ቴምብር ዋጋው ከፍ ሲል፣ መቀሱ ሥዕሉን የነካበት ግን እጅግ ይወርዳል። በኋለኞቹ ቴምብሮች ደግሞ ጥርሶቹ ሙሉ መሆናቸው፣ ቀለሙ በፀሐይ አለመደብዘዙ፣ ወረቀቱ አለመቀደዱ ወይም አለመሳሳቱ ይመረመራል። ቴምብሩ ያልተሠራበት ከሆነ በጀርባው ያለው ሙጫ የመጀመሪያው መሆኑ ይታያል፤ አንዳንድ ነጋዴዎች ሙጫው የለቀቀውን ቴምብር እንደገና ሙጫ እየቀቡ አዲስ ነው ብለው ይሸጣሉና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መለኪያ እውነተኛነት ነው። ለዚህ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1894 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ፓሪስ ከተማ የታተሙ ሲሆኑ ቍጥራቸው ሰባት ነው። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የአንበሳ ሥዕል ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ ይታተምባቸው ጀመር፤ ለምሳሌ በ1902 «ቦስታ» የሚል ቃል ታትሞባቸዋል። ተጨማሪ ጽሑፍ ያለባቸው አንዳንዶቹ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ብርቅ ናቸው። አታላዮችም ይህን በመገንዘብ ርካሹንና እውነተኛውን ቴምብር እየገዙ የሐሰት ጽሑፍ ያትሙበታል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱም ሥዕሉም እውነተኛ ስለ ሆነ፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ መጠንና ቀለም ከትክክለኛው ጋር ያላነጻጸረ ገዢ በቀላሉ ይታለላል።

የአስመሳዮች ጥበብ እስከ ምን እንደሚደርስ የዣን ደ ስፔራቲ ታሪክ ያስረዳል። ይህ በኢጣሊያ ተወልዶ በፈረንሳይ የኖረ ሰው ከርካሽ ቴምብሮች ላይ ሥዕሉን በመድኃኒት እያጠፋ፣ በእውነተኛው ወረቀት ላይ የውድ ቴምብር ሥዕል ያትም ነበር። በ1942 ወደ ፖርቱጋል የላካቸውን ቴምብሮች የፈረንሳይ ጉምሩክ ያዘበት። ባለሙያዎችም ከመረመሯቸው በኋላ እውነተኛና ውድ ናቸው ብለው ስለ መሰከሩ ሰውየው ሀብት ከአገር አስወጥቷል ተብሎ ተከሰሰ። ከክሱ ለመዳን ቴምብሮቹን የሠራቸው ራሱ መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነበት። የተማሩ ባለሙያዎች እንኳ የሚሳሳቱ ከሆነ ጀማሪ ገዢ በዓይኑ ብቻ ሊተማመን አይገባውም።

ታዲያ አስተዋይ ገዢ ምን ማድረግ ይኖርበታል? ከሁሉ በፊት የሚሰበስበውን የአንድ አገር ወይም የአንድ ዘመን ቴምብር መርጦ በሚገባ ያጠናል። ለዚህም የቴምብር ካታሎግ፣ ማጉያ መነጽርና ወረንጦ ያስፈልጉታል፤ የእጅ ላብና እድፍ ቴምብርን ስለሚያበላሽ በጣት መያዝ አይገባም። በ2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ መቍጠር፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዞ በውስጡ ያለውን ምልክት መመልከት የተለያዩ ኅትመቶችን ለመለየት ይረዳል። በካታሎግ የሚጻፈው ዋጋ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግል እንጂ በገበያ የሚከፈለው ትክክለኛ ዋጋ አለመሆኑንም መዘንጋት የለበትም። አንድ ሰው ቴምብሩን መልሶ ለመሸጥ ሲፈልግ በካታሎግ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሊሰጠው ይችላል።

ቴምብሩ ውድ በሆነ ጊዜ ገዢው የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ በ1869 የተቋቋመው የለንደን ንጉሣዊ የቴምብር ማኅበር ቴምብሮችን መርምሮ እውነተኛነታቸውን የሚመሰክር ጉባኤ አለው። ከዚህም ሌላ ቴምብሩ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ እንደሚመለስ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይገባል። በዛሬው ጊዜ በኢንተርኔት አማካይነት በፎቶግራፍ ብቻ ታይቶ የሚገዛ ቴምብር ስለ በዛ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የወረቀቱ መሳሳትና የሙጫው መታደስ በፎቶግራፍ አይታወቅምና። «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኘውም» እያለ የሚያስቸኩል ሻጭም ሊጠረጠር ይገባል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ።

ቴምብርን በአጭር ጊዜ ባለጠጋ የሚያደርግ ንብረት አድርጎ መቍጠርም ጕዳት ያስከትላል። በስፔን አገር ሁለት ድርጅቶች ለሕዝቡ ቴምብር እየሸጡ የተወሰነ ትርፍ እንደሚከፍሉ ቃል ይገቡ ነበር። በ2006 መንግሥት ጣልቃ ሲገባ የቴምብሮቹ እውነተኛ ዋጋ ከተነገረው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ከ400,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎችም ተጐዱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ቍጠባቸውን ያስቀመጡ ነበሩ። ያ ብቸኛው የብሪቲሽ ጊያና ቴምብር እንኳ በ2021 እንደገና ሲሸጥ ያወጣው 8.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

ቴምብር መሰብሰብ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። አዲስ የወጡትን ከፖስታ ቤት በላያቸው በተጻፈው ዋጋ ሊገዛ፣ የተሠራባቸውን ከጓደኞቹ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። በቤት ውስጥ ከአያቶች የቀሩ ደብዳቤዎች ካሉ ቴምብሩን ከፖስታው ላይ ለመላጥ መቸኰል የለበትም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ቴምብሯ በውጭ አገር ስለማይሠራ፣ ወደ ውጭ በሚላክ ደብዳቤ ላይ የሌላ አገር ቴምብር መጨመር ያስፈልግ ነበር። ሁለቱን ቴምብሮችና ማኅተሞቻቸውን አብሮ የያዘ ፖስታ ደብዳቤው የተጓዘበትን መንገድ የሚመሰክር የታሪክ ሰነድ ነው። ቴምብሩ ከተላጠ ግን ይህ ምስክርነት ይጠፋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው ቴምብር ገዢን ከኪሳራ የሚያድነው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ዕውቀቱና ትዕግሥቱ ነው። ብርቅነትን፣ ይዞታንና እውነተኛነትን መመርመር የተማረ ሰው በጥቂት ገንዘብ ጥሩ ስብስብ ሊያዘጋጅ ይችላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ምክር በቴምብር ገበያም ይሠራል።