ከኪስ ካሜራ ወደ ዲኤስኤልአር፦ ገንዘቡ ቦዲው ላይ ይዋል ወይስ ሌንሱ ላይ?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ በሠርግ፣ በምረቃና በበዓል ሥራ የሚተዳደር ፎቶ አንሺ ከትንሿ የኪስ ካሜራ ወደ ዲኤስኤልአር ለመሸጋገር ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ከሁሉም በኋላ መምጣት የሚገባው ነው። ካሜራ ለባለሙያው እንደ ወፍጮ ወይም እንደ ልብስ ስፌት መኪና የማምረቻ ዕቃ በመሆኑ፣ መጠየቅ ያለበት የወጣበትን ገንዘብ በስንት ሥራ ይመልሳል፣ ከመመለሱ በፊትስ ያረጃል ወይስ አያረጅም የሚለው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ሆኗል። ካሜራ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። በዚህ ላይ ቀረጡና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። አዲሱ ሲወደድ ያገለገለውም ተከትሎ ይወደዳል። ምክንያቱም ሻጩ ዋጋ የሚቆርጠው ዱሮ በገዛበት ሳይሆን ዛሬ ሊተካበት በሚችለው ነው።

የኪስ ካሜራው ገበያ የት ደረሰ?

የኪስ ካሜራን ከገበያ ያስወጣው ዲኤስኤልአር ሳይሆን የእጅ ስልክ ነው። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር አኃዝ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ገበያ የቀረበው ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ግን ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የወረደውም በአብዛኛው ትንሿ ካሜራ ናት። ደንበኛው ራሱ በኪሱ ደህና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ይዞ ወደ ሠርግ የሚመጣ ከሆነ፣ ለፎቶ አንሺው ገንዘብ የሚከፍለው ስልኩ ሊያደርግ የማይችለውን ሲያገኝ ብቻ ነው።

ዲኤስኤልአር በሰፊው ሕዝብ አቅም መጠን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖን 300ዲ የተባለውን ሞዴል ቦዲውን ብቻ ከ1,000 ዶላር በታች ባቀረበበት ጊዜ ነው። ኒኮንም በዓመቱ በዲ70 ተከትሏል። ከዚያ በፊት፣ ለምሳሌ ኮዳክ በ1991 ያወጣው የመጀመሪያው የገበያ ዲኤስኤልአር 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ እያለው፣ ዋጋው ትልልቅ የዜና ድርጅቶች እንጂ ግለሰብ የሚደፍረው አልነበረም።

በተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው?

ዋናው ነገር ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። በተለመደችው የኪስ ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ ወደ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአነስተኛና በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡት የካኖን ዲኤስኤልአሮች ያለው 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም 12 እጥፍ ያህል ይሰፋል። «ፉል ፍሬም» የሚባለው ደግሞ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 30 እጥፍ ይደርሳል። ነገሩ ዝናብን በስኒና በገበቴ እንደ መቀበል ነው። ብርሃን ሲያንስ የስኒዋ ፎቶ ይነቁጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ሁለቱም ካሜራዎች 20 ሜጋፒክስል ቢሆኑ እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም።

ይህ ልዩነት በሰሜን ሸዋ ጎልቶ የሚታይባቸው ሥራዎች አሉ። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደረግ የተክሊል ሥነ ሥርዓት ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ፍላሽ ማብራትም ብዙ ጊዜ ነውር ነው ወይም አይፈቀድም። ሁለተኛው በጥምቀትና በሠርግ የሚታየው የቀትር ፀሐይ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። በመሆኑም ነጭ ነጠላና ነጭ ቀሚስ በበዛበት ቦታ ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ የሰው ፊት ይጨልማል። ለፊቱ ብሎ ሲያፈካው ደግሞ የነጠላው ጥለትና ሽመና ወደ ባዶ ነጭነት ይቀየራል።

በዲኤስኤልአር ይህን በሁለት መንገድ ማረም ይቻላል። አንዱ የብርሃን ማካካሻውን በእጅ መጨመርና መቀነስ ነው። ሌላው ፎቶውን «ሮው» በሚባለው ያልተቀነባበረ ዓይነት ማስቀመጥ ነው። የተለመደው ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ ሮው እንደ ካሜራው 4,096 ወይም 16,384 ይይዛል። ስለዚህ የጠቆረውን ፊት በኋላ በኮምፒዩተር ማውጣት ይቻላል። ዕዳም አለው። የ24 ሜጋፒክስል አንድ የሮው ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይወስዳል። ይኸውም ባለ32 ጊጋባይት ካርድ 1,000 ያህል ፎቶ ብቻ ያስተናግዳል ማለት ነው። የካርድና የማከማቻ ዲስክ ወጪ በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ከቦዲው ይልቅ ሌንሱ

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ መጨረሻው ሲሳብ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። በሁለቱም ኩባንያዎች ዘንድ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን በዚያው ቦታ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለተክሊልና ለምሽት ድግስ ከዚህ የበለጠ ትርፍ በትንሽ ገንዘብ የሚሰጥ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ውድ ቦዲ ገዝቶ በ18-55 ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ርካሽ ቦዲና 50 ሚሊ ሜትር በያዘ ጎረቤቱ ሊበለጥ ይችላል።

ሌንስ የሚመረጠው በሥራው ዓይነት ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ሌላ ገበያ ናት። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ፣ የገደሉ አፋፍ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀችው፣ በአንኮበር ስም የምትጠራው ብርቅዬ ወፍ የተፈጥሮ ተመልካቾችን የሚስቡ ናቸው። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ያስፈልጋል። ይህ ሌንስ በአነስተኛው የካኖን ሴንሰር ላይ እንደ 480 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርባል። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት የቱሪስት እንቅስቃሴ ተቀዛቅዟል። በመሆኑም በዱር እንስሳትና በወፍ ፎቶ ብቻ ተማምኖ ረጅም ሌንስ ላይ ገንዘብ ማሰር አያዋጣም። መጀመሪያ የሠርጉን ሌንስ መግዛት፣ ሥራ ሲገኝ ደግሞ ረጅሙን በቀን ተከራይቶ መጠቀም ይሻላል።

ሌንስ ሲገዛ ከቦዲው ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኒኮን ዲ3500 በውስጡ የትኩረት ሞተር የለውም። የራሱ ሞተር የሌለውን አሮጌ የኒኮን ሌንስ ሲገጥሙበት በራሱ አያተኩርም። የካኖን 4000ዲ የሌንስ መግጠሚያም ከብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሌንስ በየጊዜው ለሚቀያይር ባለሙያ ይህ መታሰብ ያለበት ነው።

ያገለገለ ሲገዛ

መኪና የሚገዛ ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እንደሚያይ ሁሉ፣ ካሜራ የሚገዛም የሹተሩን ቁጥር ማየት አለበት። ሹተር በእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈትና የሚዘጋ ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው። አነስተኛዎቹ የካኖን ሞዴሎች ለ100,000 ያህል ጊዜ ይሠራሉ ተብለው ይመዘናሉ። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ለ150,000፣ ኒኮን ዲ850 ደግሞ ለ200,000 ይመዘናል። የኒኮን ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚገኝ በኮምፒዩተር ይነበባል። የካኖን ግን በአብዛኛው ካሜራውን በዩኤስቢ አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማየትን ይጠይቃል። ደላላው «ብዙም አልሠራም» ቢል ቁጥሩን ይጠይቁት። ላሳይ የማይል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ከዚህም ሌላ የሚከተሉትን ሳያዩ ገንዘብ አይቁጠሩ።

1ኛ. ሌንሱን በኤፍ 16 አድርገው ነጭ ሰማይ ያንሱ። ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጠረጋል፤ ጭረት ግን አይጠረግም።

2ኛ. ሌንሱን በባትሪ መብራት አሳልፈው ይመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነውና ይተዉት።

3ኛ. የቦዲውን መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

4ኛ. የሜኑው ቋንቋ መቀየሩን ይሞክሩ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ከተሠሩት፣ በተለይ ከሶኒ ምርቶች፣ በጃፓንኛ ብቻ የሚሠሩ አሉ።

5ኛ. ሜሞሪ ካርዱን እስኪሞላ ቀድተው መልሰው ያንብቡት። የውሸት ካርድ ሞላሁ ይላል፤ ፎቶው ግን አይገኝም።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለማስረዳት ያህል በግምት እንሥራው። ያገለገለ ቦዲ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ሁለት ባትሪና ሁለት ካርድ በድምሩ 90,000 ብር ወጣባቸው እንበል። ፎቶ አንሺው ለአንድ ሠርግ 12,000 ብር ተቀብሎ ለአልበም፣ ለረዳትና ለትራንስፖርት 7,000 ቢያወጣ 5,000 ይቀረዋል። ብዙዎች 90,000ን ለ5,000 አካፍለው «በ18 ሠርግ ይመልሳል» ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። በአሮጌው ካሜራም ከአንድ ሠርግ 3,000 ብር ይቀረው ከነበረ፣ አዲሱ ዕቃ ያመጣው ጭማሪ 2,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚመለሰው በ45 ሠርግ ነው። በዓመት 20 ሠርግ የሚያገኝ ሰው 2 ዓመት ከ3 ወር ይፈጅበታል።

አሁን የሹተሩን ቁጥር እናምጣ። በአንድ ሠርግ 1,500 ፎቶ ቢነሳ፣ 100,000 የተመዘነለትና አስቀድሞ 60,000 የሠራ ካሜራ የቀረው 40,000 ነው። ይህም ለ26 ሠርግ ብቻ ይበቃል። ገንዘቡን ለመመለስ ግን 45 ያስፈልግ ነበር። በሌላ አነጋገር ካሜራው ዕዳውን ሳይጨርስ የተመዘነለትን ዕድሜ ይጨርሳል። ሹተር ከተመዘነለት ቁጥር አልፎ ሊሠራ፣ ወይም ተቀይሮ ሊቀጥል ይችላል። ነገር ግን በዕድል ላይ የተመሠረተ ንግድ ንግድ አይደለም። 20,000 ብቻ የሠራ ቢሆን 53 ሠርግ ስለሚያስኬድ በዚያው ዋጋ መግዛቱ ያዋጣል። ቁጥሩ እንግዲህ የመደራደሪያ መሣሪያ ነው።

የግዢው ወቅትም ይታሰብ። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ጾም ሲገባ ሥራው ይቀንሳል። ዕቃውን በሥራ መዳረሻ ቀን ተጣድፎ ከመግዛት ይልቅ ቀዝቀዝ ባለው ጊዜ ገዝቶ መለማመድ፣ ለደንበኛ ቀብድ ከመቀበልም በፊት መሞከር ይሻላል።

ብርዱን አይርሱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት የሊቲየም ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ትርፉን ባትሪ በደረት ኪስ ይዞ ማሞቅ ይረዳል። ከብርድ ወደ ሞቀ አዳራሽ ሲገቡ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ካሜራውን በቦርሳው እንደተዘጋ አስገብቶ ሙቀቱን እስኪለምድ መጠበቅ ነው። የአንኮበር ጉም ባለበትም የዝናብ መከላከያ ላስቲክ መያዝ ከጥገና ወጪ ያድናል።

የነገው ገበያ

አንድ ነገር መደበቅ የለበትም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው «ሚረርለስ» ካሜራ አዙረዋል። በ2020 በዓለም ገበያ ሚረርለስ በብዛት ዲኤስኤልአርን በልጧል። በ2021 ካኖን 1ዲኤክስ ማርክ 3 የመጨረሻው ዋና ዲኤስኤልአሩ እንደሚሆን ታውቋል። ይህ ለገዢው ሁለት ትርጉም አለው። በውጭ አገር ብዙ ባለሙያዎች አሮጌውን ስለሚሸጡ ያገለገለ ዲኤስኤልአር እንደ ልብ ይገኛል። በሌላ በኩል ቦዲው ከዓመት ዓመት ዋጋው ይወርዳል፣ መለዋወጫውም እየሳሳ ይሄዳል።

ሌንሱ ግን አብሮ አይወድቅም። የካኖን ዲኤስኤልአር ሌንሶች በማገናኛ አማካይነት በኩባንያው አዳዲስ ሚረርለስ ካሜራዎች ላይ ይሠራሉ። የራሳቸው ሞተር ያላቸው የኒኮን ሌንሶችም እንዲሁ። ዛሬ ጥሩ ሌንስ የገዛ ሰው ነገ ቦዲ ሲቀይር ሌንሱን ይዞ ይሻገራል።

ስለዚህ በርዕሱ ለተነሳው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። ቦዲውን ቁጥሩ ዝቅ ያለ፣ ዋጋው መጠነኛ የሆነ ያገለገለ ያድርጉት። የተረፈውን ገንዘብ ሌንስ ላይ ያውሉት። በዓመት የሚያገኙት ሥራ ከአሥር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ መከራየቱ ሳያዋጣ አይቀርምና፣ ገንዘብዎን ከማሰርዎ በፊት የኪራዩን ዋጋ ከላይ ካለው ሂሳብ ጋር ያስተያዩት።